ሹራብ በድሬ

ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬዳዋ የመጣነው አባቴ ሥራ ተቀይሮ ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ልጀምር ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 አካባቢ። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ሹራብ ለብሼ ክፍል ገባሁ። ያለ ሹራብ ትምህርት ቤት ሄጄ አላውቅማ! ከኋላ አንዷ “አቦ፣ ይቺን ልጅ ወባ ይዟታል እንዴ?” አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ብሶ ደግሞ መምህሩን “እርስዎ” አልኳቸው። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው። በቃ፣ ስሜ “እርስዎ” ሆኖ ቀረ።

ክፍሉን የሚያሽከረክሩት አምስት ልጆች ናቸው። ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ የእነሱ፣ ሚኒ ሚዲያውም የእነሱ። ማን ፋራ፣ ማን አራዳ እንደሆነ የሚወስኑትም እነሱ።

ሒሳብ ላይ ደህና ስለነበርኩ በደብተሬ ልገዛቸው ሞከርኩ። ጠዋት የቤት ሥራዬን ይወስዱታል፣ ገልብጠው ይመልሱልኛል። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ደፈር ብዬ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሺ ያለኝ የለም። ወሬውን ብቻ ወደ ኦሮምኛ ቀየሩት። ሲስቁ እኔም እንደገባኝ ሰው ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ሹራቡ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው።

ያተረፈኝ ባጃጅ ነው። ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት ዝምተኛ የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ የባጃጁን ሒሳብ ተካፍለን አብረን መመለስ ጀመርን። አንድ ቀን ቤቷ ስገባ እናቷን “እንደምን ዋሉ?” አልኩ። “አቦ፣ አንቺ በይኝ! አሮጊት አታድርጊኝ” አሉኝ። አያቷ ለባቡሩ ሥራ የመጡ ናቸው። “ድሬ እኮ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ሁላችንም መጤ ነን” ብለው እናቷ ሳቁ። ልጅቷ ኦሮምኛ ታስቆጥረኝ ጀመር፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ከፊራ ገበያ ወርጄ ማንጎ ሻጯን “ሜቃ?” ብዬ ዋጋውን ስጠይቃት ምራቂ አንድ ጨመረችልኝ። ቡድኑ ውስጥ ብገባ እንደዚያ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም።

ደብተሬን ማስገልበጥ አቆምኩ። አኮረፉ። ከሳምንት በኋላ ግን ያቺ ወባ ያለችኝ ልጅ ብቻዋን መጣች። “አስረጂኝ፣ ለእነሱ ግን እንዳትናገሪ” አለችኝ። ለካ አምስቱ ከኬጂ ጀምሮ አብረው ናቸው፤ እሷም ሒሳብ እንደማይገባት እዚያ መሃል ማመን ትፈራለች። እኔ ደግሞ የሚጠሉኝ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ!

ግንቦት ላይ እሷን እውነተኛው ወባ ያዛት። ልጠይቃት ስሄድ በዚያ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

“እርስዎ” አለችኝ፣ “ያ ሹራብሽ አለ?”