ሃያ አራቱ ቃላት

ዛሬ ከሥራ መልስ እዚሁ ሜሪላንድ ኩሽናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ለ2 ዓመት በመገበያያ መተግበሪያ ላይ ትቼው የነበረውን ጥቂት ቢትኮይን ወደ ራሴ ዋሌት (ቁልፉ በእኔ እጅ ወደሆነ የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) አዛወርሁ። ኤፍቲኤክስ የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ በፈረንጆቹ ኅዳር 2022 ሲከስር ብዙ ሰው ገንዘቡን ማውጣት አቅቶት እንደቀረ ሳስብ፣ እስከ ዛሬ መዘግየቴ ራሱ ይገርመኛል።

አዲሱ ዋሌት ከ2048 ቃላት መዝገብ የተመረጡ 24 የእንግሊዝኛ ቃላት አወጣልኝ፤ ቃላቱን ያገኘ ሁሉ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ፎቶ ለማንሳት ስልኬን ካነሳሁ በኋላ፣ ምስሉ በራሱ ጊዜ ወደ ክላውድ እንደሚሄድ ትዝ ብሎኝ ተውሁትና በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፍኋቸው።

መጀመሪያ የላክሁት የ10 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ኮፒ የተደረገን አድራሻ በሌባ አድራሻ የሚተካ ቫይረስ ስላለ፣ የተላከውንም የሚመልስ ባንክ ስለሌለ፣ የዋሌቴን አድራሻ ፊደላት አንድ በአንድ ጣቴን እያስኬድሁ አነበብሁ፤ ማረጋገጫው እስኪመጣ (ዝውውሮች ተሰብስበው የሚመዘገቡበት አንድ ብሎክ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል) ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ማታ ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «ጋሼ፣ ቃላቱን በቴሌግራም ላክልኝና እኔም ጋ ይቀመጡ» አለኝ። አልላክሁለትም፤ እሱን ሳላምነው ቀርቼ ሳይሆን፣ ስልኩን ለማንም እንደሚያውስ ስለማውቅ ነው።