ማመዛዘኛው ድንጋይ

ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ መጀመሪያ የሚገኘው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከእሱ በታች አሸዋ ድንጋዩ፣ ከዚያም በታች እኛ ለሥራ የወረድንበት የኖራ ድንጋይ ገደል ይመጣል። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ የዘለቀው የጂኦሎጂ ባለሙያ ብላንፎርድ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮቹ ለአንዱ ክፍል የመቅደላን፣ ለኖራ ድንጋዩ ደግሞ የትግራዩን የአንታሎን ስም ሰጥቷል። አንታሎ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው።

ሥራችን ከእያንዳንዱ የድንጋይ ንብብር ዛጎል መሰብሰብ፣ መቁጠርና የትኞቹ እንስሳት አብረው ይኖሩ እንደነበር መለየት ነበር። አብረው የኖሩት ከታወቁ የባሕሩ ወለል ጭቃ ይሁን ጠጣር፣ ውኃው የረጋ ይሁን የሚናወጥ ለማወቅ ይቻላል። እኔ የዚያን ጊዜ ረዳት ነበርሁ፤ የቡድናችን ኃላፊ በሙያው ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ከመዶሻችን ሥር የወጣውን ክምር አየና «ይህን ሁሉ ማን ይሸከመዋል? ሙሉ ሙሉውን ለይና የተሰበረውንና ባዶውን እዚሁ ተወው» አለኝ። ዳገቱን ላየ ሰው ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መኪናችን ከላይ ነበረች፣ የተከራየናት አህያም አንዲት ብቻ ነበረች። እኔም ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀምጬ ለየሁ። ሁለቱ ሽፋኖቻቸው እንደተጋጠሙ የቀሩትን፣ የሚያምሩትን፣ በመዳፍ ላይ ሲያስቀምጧቸው ለውዝ የሚመስሉትን ወደ ጆንያው፣ ስብርባሪውንና ጎድጓዳ ብቻ የሚታይበትን ድንጋይ ወደ ጎን አደረግሁ። ትምህርት ቤት የተማርሁት ከዚህ የተለየ እንደነበር እያወቅሁ ለየሁ።

ማለዳ ላይ ጭነቱ ሲጫን አንደኛው ጆንያ ቀለለ። የአህያዋ ባለቤት በግራም በቀኝም አየት አየት አደረገና ምንም ሳይጠይቀን ከተጣለው ክምር አራት አምስት ድንጋይ አንሥቶ በቀለለው ጆንያ ውስጥ ጨመረ። ደንገጥ ብዬ ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው «አብሽር ወንድሜ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ዳገቱ ላይ ትወድቅብናለች፤ ማመዛዘኛ ነው» አለኝ። ኃላፊው ደሴ ስንደርስ እንድጥላቸው ነገረኝ። ደሴ ስንደርስ ግን ከድካም ብዛት የተነሣ ከነአቧራቸው በናሙና ክፍሉ ማእዘን ከመጥረጊያው ጀርባ ተውኋቸው እንጂ አልጣልኋቸውም። ጥንቃቄ ነበር ብዬ ልናገር አልችልም።

ቆጠራው በሁለት ሳምንት አለቀ። ከሁሉ የበዙት ብራኪዮፖድ የሚባሉት ባለ ሁለት ሽፋን የባሕር እንስሳት ነበሩ፤ ከነሱ ቀጥሎ ወፍራም ሽፋን ያላቸው ኦይስተሮች መጡ። ኃላፊውም ወለሉ ጠጣር፣ ጭቃ የማይበዛበትና ብራኪዮፖዶች ተጣብቀው የሚኖሩበት ነበር የሚል ረቂቅ ጻፈ። ረቂቁ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ አሳማኝም ነበር።

ረቂቁ ከመላኩ በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናሙናውን ለማየት መጡ። ከትሪው ላይ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ እያገላበጡ፣ መልሰው በቦታቸው እያስቀመጡ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ሁሉም ግጥም ያለ ነው። የተሰበረው የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

ኃላፊው ፊቱን ወደ ትሪው እንዳደረገ «ልጁ ነው የለየው» አለ።

ሦስት ቃላት ናቸው። ዓመታት አልፈውም የድምፁ አወጣጥ ጭምር ትዝ ይለኛል፤ አልተቆጣም፣ አልተሸማቀቀም፣ የመሣሪያ ጉድለት እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። መምህሩ ወደ እኔ ዞሩና «ለምን ለየኸው፣ ልጄ?» አሉኝ። ታዝዤ ነው ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሆኖም በእንግዳ ፊት ታላቅን ማሳጣት ካደግሁበት ቤት ጋር የማይሄድ ሆነብኝ፤ «ሸክሙን ለመቀነስ ነው» አልሁ። የተናገርሁት እውነት ነበር፣ ግን ግማሹን ነው። ኃላፊው ቀሪውን ግማሽ ይሞላዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልሞላውም። ለተጣለው ድንጋይ ቂም የለኝም፤ ዳገቱን አብሬው ወጥቼዋለሁ። ዛሬም የሚከነክነኝ ያ ዝምታ ነው።

መምህሩ አልተቆጡኝም። የሁለት ሽፋን እንስሳት ሁሉ አንድ እንዳልሆኑ፣ ተማሪ ሳለሁ ያለፍሁበትን ነገር፣ እንደ አዲስ አስረዱኝ። ባይቫልቭ፣ ኦይስተር ያለበት ወገን፣ ሽፋኑን የሚዘጋው በጡንቻ ነው፤ የሚከፍተው ግን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጅማት ስለሆነ እንስሳው ሲሞት ጡንቻው ይላላና ሽፋኑ ተከፍቶ ይቀራል፤ ቀጥሎ ማዕበሉ ሁለቱን ይለያያቸዋል። ብራኪዮፖድ ግን ለመክፈትም ለመዝጋትም ጡንቻ ስለሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ ይሞታል። ስለዚህ «ሙሉ ሙሉውን ለይ» ማለት፣ ሳይታወቅ፣ «ብራኪዮፖዱን ለይ» ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሽፋኑ የተሠራበት ማዕድን ነው፤ ብራኪዮፖዱና ኦይስተሩ በካልሳይት የተሠሩ በመሆናቸው ይቆያሉ፣ ብዙዎቹ ባይቫልቮችና ቀንድ አውጣዎች ግን በቀላሉ በሚሟሟው በአራጎናይት ስለሚሠሩ ዛጎላቸው ጠፍቶ በድንጋዩ ውስጥ ቅርጻቸው ብቻ ይቀራል። አንጥረኛ ሰሙን በጭቃ ለብጦ ሲያቀልጠው ባዶው ጭቃ የሰሙን መልክ ይዞ እንደሚቀር ማለት ነው።

ባዶው ጭቃ ሲሉ ማእዘኑ ትዝ አለኝ። ከመጥረጊያው ጀርባ ድንጋዮቹን አምጥቼ በውኃ አጠብኋቸው። አንደኛው ጎድጓዳ ውስጥ የልጆች ፕላስቲሲን ጠቅጥቄ በጥንቃቄ ሳወጣው በእጄ ላይ የባይቫልቭ ቅርጽ ቀረ፤ የመጋጠሚያው ጥርሶች ሳይቀሩ ይታዩ ነበር። በሌላኛው ድንጋይ ላይ ሁለቱ ሽፋኖች ተጋጥመው፣ እንስሳው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እንደኖረ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጠጣር ወለል ላይ የሚቀበር ዛጎል አይኖርም። መምህሩ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ሲያዩ ኃላፊው ረቂቁን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ግን ሙሉ አልነበረም። ድንጋዮቹ ከተጣለው ክምር የተነሡ እንጂ ከየትኛው ንብብር እንደወጡ የሚናገር ቁጥር አልነበራቸውም። ቆጠራችን ስህተት እንደነበረ መሰከሩ፤ ትክክለኛው ቆጠራ ስንት እንደሆነ ግን ሊነግሩን አልቻሉም። ናሙና በሥርዓት ይሰብሰብ የሚለውን ለተማሪዎቼ አጥብቄ አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ስህተታችንን የገለጠው ግን ሥርዓታችን አልነበረም፣ አንድ ሰው አህያው እንዳትወድቅበት ያነሣው ድንጋይ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ እንዴት እንደማስተምረው እስካሁን አልገባኝም።

በተከታዩ ጥር ተመልሰን ወረድን። በየንብብሩ እኩል ስፋት ያለው ካሬ በኖራ ጠመኔ እያሰመርሁ በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ስብርባሪውንም ባዶውንም፣ ዛጎሉ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንደተደፋ ጭምር እየጻፍሁ በየከረጢቱ ቁጥር አደረግሁ። የተደፉት ብዙ በነበሩበት ንብብር ማዕበል እንዳገላበጣቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙት በነበሩበት ደግሞ እንስሳቱ በኖሩበት እንደተቀበሩ ለመለየት ቻልን። በዚያ ወለል ላይ ባዶ ጎድጓዶቹ ከዛጎሎቹ በልጠው ተገኙ። ሦስት አህዮች አስፈለጉን።

የመጨረሻው ጭነት ሲጫን አሁንም አንዱ ጎን ቀለለ። ያው የአህያ ባለቤት እጁን ወደ ድንጋያችን ክምር ሲሰድ ሮጬ ያዝሁትና ከሌላ ንብብር የመጣ ድንጋይ እንዳይቀላቀልብኝ ለመንሁት። ትንሽ ቅር አለው። ቀጥሎ ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ ከላይ ተንከባልሎ የመጣ ክብ ጥቁር ድንጋይ ይዞልኝ መጣና «ይህስ ከናንተ ጋር ይመሳሰላል?» አለኝ። አይመሳሰልም አልሁት፤ ጆንያው ውስጥም ራሱ አስተካክሎ ከተተው።