ጌታ የዓይኔን ጥግ መለሰልኝ

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ምስክርነት ሳዘገየው ነው የቆየሁት። «በቀዶ ሕክምና የተገኘ ነገር ምኑ ምስክርነት ነው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁና። እንግዲህ ለእሱም ጭምር ነው የምናገረው።

የመኪና አደጋ ደርሶብኝ የመስታወት ስባሪ ግራ ዓይኔን በአፍንጫ በኩል ካለው ጥግ ቀደደው። ብሌኔን አልነካውም፤ ስለዚህ ብቻ ጌታን ሳመሰግን ብኖር አይበዛበትም። ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ። ሲድን ግን ጠባሳው ቆዳውን እየሳበ መጣ። ሾጠጥ ያለው የዓይኔ ጥግ ድቡልቡል አለ፤ ጥጉ ላይ የምትታየው ትንሿ ቀይ ሥጋም በቆዳ ተሸፈነች። የዓይኔን ቆብ ከአጥንት ጋር የሚይዘው ጅማት ላልቶ ስለነበር ያ ዓይኔ ከአፍንጫዬ የራቀ ይመስላል። ልዩነቱ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ ፊት ላይ ግን ሚሊሜትር ብዙ ነው። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኑ የት ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ።

ከመልኩ ይልቅ ያስመረረኝ እንባው ነው። እንባ በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጥግ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ፣ በቀጭን ቦይ አልፎ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው። የእኔ የታችኛው ቦይ ተቆርጦ ስለነበር እንባዬ ሁልጊዜ በጉንጬ ይወርዳል። ሥራ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር። «ምን ሆነሽ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ መስጠት ሰለቸኝ። ከመጥረግ ብዛት ከዓይኔ ሥር ያለው ቆዳ ይላጥ ነበር።

ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ቢላ ሳይነካኝ ፈውሰኝ።» ጾምኩ፤ እጅ ተጫነልኝ። ጠዋት ተነሥቼ መስታወት አያለሁ፤ ያው ነው። አንድ ምሽት የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8ን ሳነብ ቤተ ሳይዳ ላይ የተፈወሰው ዓይነ ስውር ጋ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። ጌታ መጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ታዩት፤ ደግሞ ሲዳስሰው አጥርቶ አየ። እርሱ ሁለት ጊዜ ከዳሰሰ፣ መንገዱን የምመርጥለት እኔ ማን ነኝ? «በወደድከው እጅ ሥራ» ብዬ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እኅት የዓይን ቆብና የእንባ መውረጃ የሚሠሩ ሐኪም ጠቆመችኝ። ዶክተሩ አይተውኝ «ጠብቂ» አሉኝ። ጠባሳ እስኪለሰልስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈልጋል፤ ገና ቀልቶና ጠጥሮ ሳለ ቢነካ መልሶ ሊኮማተር ይችላል። ቀጥለውም «ጥጉን እናስተካክለዋለን። ስለ ቦዩ ግን ቃል አልገባልሽም፤ እንደተቆረጠ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቢሆን ይቀል ነበር። አሁን ጫፉን ጠባሳ ውስጥ መፈለግ ነው» አሉ። የጸሎት ርእስ እንዲህ ተለክቶ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም! የጸሎት ጓደኞቼ በሙሉ «ጌታ ሆይ፣ ጫፉን አሳያቸው» ማለት ጀመሩ። አንዷማ ሌላውን ርእስ ሁሉ ትታው ነበር።

ቀኑ ደርሶ ከመተኛቴ በፊት ዶክተሩ ጥጉ ላይ የዜድ ፊደል የመሰለ መስመር በእስክሪብቶ አሰመሩ። ጠባሳውን ቆርጦ መጣል ብቻ አይደለም፤ በመስመሩ ላይ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቆዳ ይነሣና ቦታ ይለዋወጣል፤ ያኔ የተኮማተረው ይረዝማል፣ የተሸፈነው ይገለጣል። የላላውን ጅማትም ወደ ቦታው ስበው አሰሩት። ከሰመመን ስነቃ ገና ምላሴ ሳይፈታ የሰማሁት ቃል «አገኘነው» የሚል ነው። በማይክሮስኮፕ ሲፈልጉ የቦዩን ጫፍ አግኝተው፣ እንዳይዘጋ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ አስገብተውበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ዓይኔ አብጦ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ክሩ ከወጣ በኋላም ጠባሳው ከበፊቱ የቀላ መሰለኝ። ጠላትም «ይኸው ባሰብሽ» ማለቱን አልተወም። እብጠቱ ሲጎድል ግን ያቺ ቀይ ሥጋ በቦታዋ ታየች። እንደዚያ የምታህል ነገር አይቼ እልል እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም!

ቱቦው ከወራት በኋላ ወጣ። በዚያው ሰሞን አምልኮ ላይ ሳለቅስ የግራ አፍንጫዬ ፈሰሰ። አጠገቤ የነበረችው እኅት ሶፍት ስታቀብለኝ ለምን እየሳቅኩ እንደማለቅስ አልገባትም።

ነፋስ ሲበዛ አሁንም ዓይኔ ትንሽ ያነባል፤ ቀጭን መስመርም በቅርብ ለሚያየኝ ይታያል። ለቀረው ጸልዩልኝ። የዶክተሩን እጅ ጌታ ይባርክ፤ ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን። አሜን።