ከኩይሳ የተማርኩት የሽንኩርት ማከማቻ አሠራር

በባቱ አቅራቢያ በመስኖ የማመርተውን ቀይ ሽንኩርት ዋጋው እስኪሻሻል የማቆይበት ቦታ ስላልነበረኝ፣ በየምርት ወቅቱ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ለመሸጥ እገደድ ነበር። በቆርቆሮ ቤት ላቆየው ስሞክርም ሙቀቱና የታመቀው አየር ሽንኩርቱን ያጎነቁለውና ያበሰብሰው ነበር። ማቀዝቀዣ መግዛት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ ዓይኔ በማሳዬ ዳር ወደቆመው የምስጥ ኩይሳ ዞረ።

አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የነደፈውና በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢስትጌት ሕንፃ የማቀዝቀዝ ሐሳቡን ከኩይሳ እንደወሰደ አንብቤ ነበር። እኔም ከታች ቀዳዳዎች፣ ከላይ ረዥም ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ሠራሁ፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል ብዬ አስቤ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ሳይ ግን የውስጡ ሙቀት ከውጭው ብዙም አይለይም። ቀን ክፍት በሆነ ቀዳዳ የሚገባው ያው የቀኑ ትኩስ አየር መሆኑን ሳላስተውል የኩይሳውን ቅርጽ ብቻ ቀድቼ ነበር፤ በዚያ ዙር ካስገባሁት ሽንኩርት አብዛኛው ተበላሸብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው በናሚቢያ ኩይሳዎችን ያጠኑትን የስኮት ተርነርንና የሩፐርት ሶርን ሥራ ያገኘሁት። እነሱ እንዳሳዩት ጉብታው እንደ ሳንባ አየር የሚለዋውጥ ነው እንጂ ምስጦቹ ከሥሩ የሚኖሩበትን ጎጆ የሚያቀዘቅዝ አይደለም፤ የጎጆው ሙቀት ቀንና ሌሊት ብዙ የማይዋዥቀው በዙሪያው ያለው አፈር ሙቀቱን ስለሚያረጋጋው ነው። ኢስትጌትም ቢሆን ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር በብዛት በማራገቢያ እየነፋ የግንባታውን አካል ያቀዘቅዛል፤ ቀን ላይ ያ የቀዘቀዘ ግንብ ቤቱን ይጠብቃል።

ስለዚህ አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ግድግዳውን ከጭቃና ከጭድ በተሠራ ጡብ 40 ሳንቲ ሜትር አወፈርኩት፤ ጣሪያውን ሣር አለበስኩት፤ ሽንኩርቱ የሚያርፍበትን ወለል በባሕር ዛፍ አጠና ከመሬት ከፍ አድርጌ በየአጠናው መካከል አየር ማለፊያ ተውኩ። ማናፈሻ ቀዳዳዎቹን ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ እከፍታለሁ፤ ፀሐይ ሳትወጣ እዘጋለሁ። አባቴ ግድግዳውን ሲያይ «ይኼማ የአያትህ ቤት ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፤ የጭቃ ግድግዳችን ያን ጥበብ ይዞ ሳለ እኔ በቆርቆሮ ለውጬው ነበር።

ልፋቱ ግን አልቀረም፤ በየሌሊቱ የሚነሣ ሰው ይፈልጋል። ሽንኩርቱም አንገቱ እስኪጠወልግና የላይኛው ልጣጩ እስኪንኮሻኮሽ በጥላ ሥር ሳይደርቅ ከገባ የትኛውም ቤት አያድነውም። በክረምት የሌሊቱ አየር እርጥብ ስለሚሆን ማናፈሻዎቹን ዘግቼ የማሳድርባቸው ሌሊቶች አሉ፤ በእነዚያ ሌሊቶች የምተማመነው አስቀድሜ በደንብ ባደረቅሁት ሽንኩርት ላይ ነው።