ድንጋይ ላይ የቆመችው ወፍ

ቅዳሜ። ዝናቡ አላባራ ሲል ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ገባሁ። መግቢያው ነፃ ነው። ለንደን ከመጣሁ ጀምሮ ሆድ ሲብሰኝ የምሄደው እዚያ ነው። ዛሬ ሸክላዎቹ ያሉበት ላይኛው ፎቅ ወጣሁ።

ሳውዝዋርክ በሚባለው የለንደን ሰፈር የተሠራ አንድ ሸክላ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ነጭ ላይ በሰማያዊ የተሣለ ነው። አንዲት ወፍ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ዙሪያዋን አበባ ነው። ሲያዩት የቻይና ይመስላል። የተሠራው ግን እዚሁ ቴምዝ ዳር ነው። ሳውዝዋርክ ውስጥ ክርስቲያን ቪልሄልም የሚባል ከጀርመን አገር የመጣ ሰው የሸክላ ቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹና 30ዎቹ እንዲህ ያለውን ሥዕል በመርከብ ከመጣ የቻይና ዕቃ ላይ እያዩ ይሥሉ ነበር።

ቻይናዎቹ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ነበራቸው። ከድንጋይ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ወደ 1300 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲተኩሱት ይጠነክራል፣ ስስ ከሆነም ብርሃን ያሳልፋል። እንግሊዞቹ ያን ጊዜ ምስጢሩን አያውቁም። እጃቸው ላይ ያለው ተራ የሸክላ አፈር ነው። ስለዚህ ነጩን ከላይ አለበሱት። እርሳስ ያለበት ቅብ ውስጥ ቲን የሚባለው ብረት አመድ ሲገባ፣ እንደ መስታወት ጥርት ማለቱ ይቀርና ወተት ይመስላል። ይህን ሙያ ይዘው የመጡት ስደተኞች ናቸው። ያስፐር አንድሪስና ያኮብ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1567 ዛሬ ቤልጂየም ካለችው ከአንትወርፕ መጥተው መጀመሪያ ኖርዊች የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተቀመጡ፤ ለንደን የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የብሩሹ ነገር ነው። ቅቡ እሳት ሳይነካው እንደ ዱቄት ነው። ሰማያዊውን ቀለም፣ ኮባልቱን፣ ሲያስነኩት ወዲያው ምጥጥ ያደርገዋል። የተሳሳተ መስመር አይፋቅም። ወፏ ክንፍ ላይ አንድ ቦታ መስመሩ ወፈር ብሏል። ሠዓሊው እዚያ ጋ እጁን ቆም አድርጎ ነበር ማለት ነው። ቻይናን በዓይኑ ያየ አይመስለኝም። ያቺን ወፍም አያውቃት ይሆናል። ግን ሳይፈራ ሣላት፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ከእሷ ፊት መነሳት አቃተኝ።

ጠርዙ ተሸርፏል። ይህ ዓይነት ሸክላ እንዲህ ነው፤ ቅቡ ቶሎ ይለቃል። ከነጩ ሥር ቢጫ አፈሩ ይታያል። ያን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። የተሸረፈ ሲኒ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው ትል ነበር። ሲኒ የምንለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው። ስንቴ ቡና ጠጥቼበታለሁ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ማታ ቡና አፈላሁ። ከአዲስ አበባ ይዤ ከመጣኋቸው ሲኒዎች አንዷ መንገድ ላይ ተሸርፋለች። እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ወደ ኋላ ገፍቼ ነበር ያስቀመጥኳት። አወጣኋትና አቦሉን በእሷ ቀዳሁ።