በሙሉ ድምፅ

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ ጨርቅ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ነው። ይህን ገጠመኝ ስጽፍ አሁንም ይከነክነኛል።

ከዘጠኝ ላብራቶሪዎች የተውጣጣን ባለሙያዎች የቴክኒክ ቡድን አቋቋምን። ችግራችን አንድ ነበር። አንድ ጨርቅ እዚህ ሼድ (ፋብሪካ) ሲፈተሽ ከአምስት 4 ያገኛል፣ ጎረቤት ሼድ ሲሄድ 3 ይሆናል። ባየር (ገዢው) ደግሞ ይህን አይሰማም። ስለዚህ የጋራ የአሠራር ደረጃ እናውጣ ተባባልን። በቀለም መልቀቅ ፍተሻ ጀመርን። ክሮክሜትር የሚባለው ማሻ ማሽን ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮ በሚፈተሸው ጨርቅ ላይ 10 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይታሻል፣ ከዚያ ነጩ ላይ የተላለፈው ቀለም በግሬይ ስኬል (በግራጫ መለኪያ ካርድ) ይነበባል፤ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ብዙ ቀለም ለቋል ማለት ነው። የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

የአጸዳደቁን ሥርዓት የወሰድኩት ጄኔቫ ካለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት፣ ከአይኤስኦ ነው። እዚያ አዲስ ሐሳብ ሲቀርብ ድምፅ ከሰጡት የኮሚቴው አባላት ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለባቸው። ድጋፍ ብቻውን ግን አይበቃም። እንደ ኮሚቴው ብዛት ቢያንስ አራት ወይም አምስት አባላት «ባለሙያ መድበን አብረን እንሠራለን» ማለት አለባቸው። ይሄን በጣም እወደዋለሁ፤ እጅ ማውጣትማ ማን ያቅተዋል! ረቂቁ ደርሶ ለአባል አገሮች ሲላክ 12 ሳምንት ይሰጠዋል። ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል፣ ተቃውሞው ደግሞ ከሩብ መብለጥ የለበትም። ድምፀ ተአቅቦ አይቆጠርም። ቴክኒካዊ ምክንያት ያልቀረበበት ተቃውሞም አይቆጠርም።

ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

የእኛ ድምፅ ሲቆጠር ሰባት ድጋፍ፣ አንድ ተአቅቦ፣ አንድ ተቃውሞ ሆነ። የተቃወመችው አለቃዋን ወክላ የመጣች ወጣት የላብ ቴክኒሺያን ናት። ቅጹ ላይ «አልስማማም» የሚለው ጋ ምልክት አድርጋለች፣ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

«ምክንያት አልጻፍሽም» አልኳት።

«ጋሼ፣ የውሃው ነገር…» ብላ ጀመረች።

«በጽሑፍ ካልሆነ አይቆጠርም። ደንቡ ነው።»

ዝም አለች። እስክሪብቶዋን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀስ ብላ ነው የከደነችው፤ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ተያይዘን አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ በላን። እሷ አልመጣችም።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ እኛ ጋ በእርጥብ ታሽቶ 3 አገኘ። አውሮፓ ያለው የባየሩ ላብ ደግሞ 2 ነው አለ። ጭነቱ ቆመ። ማሽኑን ካሊብሬት አስደረግን፣ ምንም አልተገኘበትም። ግራ ሲገባኝ «የውሃው ነገር» ያለችው ትዝ አለኝና ደወልኩላት። ሳታንገራግር መጣች።

ነጭ ጨርቅ አንስታ ሚዛን ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ደረቁን 1 ግራም ነው እንበል። የአሜሪካኖቹ የጨርቃ ጨርቅ ማኅበር፣ የኤኤቲሲሲ ቴስት 65 በመቶ ውሃ ነው የሚለው፣ ስለዚህ እርጥቡ 1.65 ግራም ይመዝናል። አይኤስኦ ግን ከ95 እስከ 100 በመቶ ነው፤ 2 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ረቂቁ የሚለው "ጨርቁ ይርጠብ" ብቻ ነው። እናንተ ያረጠባችሁት በአሜሪካኖቹ ልክ ነው፣ ባየሩ ግን በአይኤስኦ ነው የሚፈትሸው።»

በሁለቱም ልክ አርጥበን አሸነው። በመጀመሪያው 3፣ በሁለተኛው 2። አለቀ። ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ እንኳን የማይፈጅ ነገር ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ የድምፅ መስጫ ቅጾቹን አወጣኋቸው። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የላቸውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ደንቡን ከጄኔቫ አምጥቼ መጻፊያውን ረሳሁት። ከሁሉ የከፋው ግን ይሄ አይደለም። ድምፅዋ ቢቆጠርም ረቂቁ ያልፍ ነበር! ከስምንት ሰባት ማለት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ነው፣ አንድ ተቃውሞም ሩብ አይሞላም። ታዲያ ለምን ሰረዝኩት? «በሙሉ ድምፅ» የምትለዋን ቃል ፈልጌ ነው። ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ይቺ ቃል እንዴት እንደምትጥም ያውቃል። ምክንያት ይጻፍ የተባለው መልስ እንዲሰጥበት መሆኑን ግን አላሰብኩም።

በሚቀጥለው ስብሰባ የውሃው መጠን በቁጥር ገባ፣ ለእያንዳንዱ ቴስት ለየብቻ። ቅጹም ለምክንያት ግማሽ ገጽ ተሰጠው። የድሮው ቃለ ጉባኤ ይታረም ብዬ እኔው ሐሳብ አቀረብኩና «አንድ ተቃውሞ፣ ምክንያት ያልተጻፈበት» ብዬ ለቤቱ አነበብኩ።

ልጅቷ እጅዋን አወጣች።

«ጋሼ፣ "ምክንያት ያልተጠየቀበት" ቢሉት።»

እንዳለችው አረምኩት።