የአባዬ ታርጋና የእኔ ኮሌጅ

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የገባነው በ2022 ሰመር ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻገርን እንጂ ሩቅ አልሄድንም። የአባዬ ሥራ እዚያው ሜሪላንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እዚያው ነው። ስለዚህ ስቴት የለወጥን አልመሰለንም።

የመጨረሻውን የሃይስኩል ዓመት አሌክሳንድሪያ ተማርኩ። በ2023 ጸደይ ከኮሌጅ ደብዳቤ መጣ። ተቀብለውኛል፤ ግን እንደ ሌላ ስቴት ተማሪ። ክፍያው የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሚከፍለው ከእጥፍ በላይ ነበር። እማዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አስነበበችኝ። «እዚሁ እየኖርን?» አለች።

የኪራይ ውላችንን ይዤ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ የት እንደምናድር ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ዶሚሳይል የሚሉት ነገር አለ። እዚያ መኖርም፣ እዚያው ለመቅረት ማሰብም ይጠይቃል። ይህም ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት። እኔ ከ24 ዓመት በታች ስለሆንኩና ወላጆቼ ስለሚያስተዳድሩኝ የሚታየው የእነሱ ዶሚሳይል ነው። የሰው ሐሳብ ደግሞ በወረቀት ነው የሚለካው። መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ፣ የስቴት ታክስ፣ ሥራ፣ ንብረት።

ከኪራይ ውሉ በቀር የእኛ ወረቀት ሁሉ ሜሪላንድ ይላል። ታርጋውን ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፈላል፤ ሜሪላንድ ይህ የለም። ስለዚህ ወንዙን ተሻግሮም የድሮ ታርጋውን ይዞ የሚቆይ ሰው አለ። አባዬም «ቆይ፣ ትንሽ እንረጋጋ» እያለ ዓመት ሊሞላው ደረሰ። አልፈርድበትም፤ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ግን አዲስ ነዋሪ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ መቀየር አለበት። ያተረፍነው ግብር ደግሞ የአንድ ኮርስ ልዩነት እንኳ አይሸፍንም።

ታክሱ የባሰ ነበር። አባዬ የሚሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሁለቱ ስቴቶች ስምምነት አላቸው። ቨርጂኒያ እየኖረ ሜሪላንድ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ታክሱን የሚከፍለው ለቨርጂኒያ ነው። ይህን ግን ኤምደብሊው 507 በሚባል ፎርም ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። አባዬ ስለ ፎርሙ ሰምቶ አያውቅም። አሠሪው ለሜሪላንድ ሲቆርጥ ከረመ። ታክስ የሠራልን ሰውም በአሮጌው አድራሻ አስገባው።

ይግባኝ አልኩ፤ አልሆነም። በእጥፍ ከፍሎ መግባት ደግሞ አቅማችን አልነበረም። አንድ ዓመት ካፌ ሠራሁ። ጓደኞቼ ሲገቡ ቤት መቅረት ከባድ ነበር።

ወረቀቱን ግን ወዲያው ማስተካከል ጀመርን። በዚያው ሜይ አባዬ ከሥራ ፈቃድ ወሰደና ዲኤምቪ፣ ማለትም የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ቢሮ ሄድን። መንጃ ፈቃዱም ታርጋውም ተቀየረ። ፎርሙ ለአሠሪው ገባ። የ2022 ታክስ ታርሞ፣ ለሁለቱ ስቴቶች ተከፋፍሎ እንደገና ቀረበ።

የመራጭነት ምዝገባም ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት። ለዜጎች ብቻ ነው፤ በኋላ ዜግነት ስታመለክቱ ከባድ ጣጣ ያመጣል። ግሪን ካርዱ ራሱ ግን ዶሚሳይል ከመመሥረት አያግድም።

በ2024 ሰመር፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ እንደገና አመለከትኩ። የኪራይ ውሉን፣ የታክስ ወረቀቶቹን፣ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ኮፒ፣ የአባዬን የደመወዝ ወረቀቶች አያያዝኩ። ከሁሉ በላይ የደከምኩበት ግን የእማዬ ደብዳቤ ነው። ለትምህርት ብቻ ብሎ የመጣ ሰው እንደ ነዋሪ አይቆጠርምና ለምን እንደመጣን መናገር ነበረብን። እሷ በአማርኛ እየነገረችኝ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። እዚህ ሥራ እንዳገኘች፣ እህቷ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ እንደምትኖር፣ ወደ ሜሪላንድ የመመለስ ሐሳብ እንደሌላት። አንድ ገጽ ሞላ።

መልሱ በኢሜይል መጣ። የነዋሪ ክፍያ ተፈቅዷል። አባዬ ሥራ ላይ ነበር፤ ደወልኩለት። ትንሽ ዝም አለና «እናትሽን አገናኚኝ» አለኝ።